ውድ መፍቻ አማን ላይ ያዋጣል ወይ?

አማርኛ ይህን ዕቃ «መፍቻ» ይለዋል እንጂ «ማጥበቂያ» አይለውም። ያው አንዱ ብረት ሁለቱንም ይሠራል፤ ስም ሲወጣለት ግን የተመረጠው ከባዱ ሥራ ነው። አዲስ ቡሎን ማጥበቅ ማንም ይችላል። ሦስት ክረምት ጭቃና ውኃ የጠጣ የአይሱዙ ቡሎን መፍታት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በተለይ ቤንች ሸኮና ሸካን በመሰለ፣ ዝናብ በማይጠግብ አገር።

ስለዚህ በሚዛን አማንና በቴፒ ጋራዦች «የጀርመኑን ልግዛ ወይስ የቻይናውን?» የሚለው ክርክር የቅንጦት አይደለም። የመፍቻው አፍ ሰፍቶ የቡሎኑን ማዕዘን ከበላው ቀጥሎ የሚመጣው መሮና መዶሻ ነው። ከዚያ ብየዳ። ከዚያ ከጅማ ወይም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ካለችው አዲስ አበባ ዕቃ መጠበቅ። በቡና ወቅት ደግሞ መጠበቅ ራሱ ኪሳራ ነው። የተለቀመ ቀይ ቡና በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ደረጃው ይወርዳል። የመፈልፈያ ማሽን ቡሎን ያበላሸ ርካሽ መፍቻ ከባለማሽኑ አልፎ ቡናውን ይዞ የተሰለፈውን ገበሬ ኪስ ይነካል።

ታዲያ ብዙ እጥፍ ከፍሎ ስመ ጥሩውን መግዛት ነው? ከመፍረድ በፊት፣ ሰው ለውዱ መፍቻ ሲከፍል በትክክል ምን ይገዛ እንደነበር ማየት ይሻላል።

የኢትዮጵያ ጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪኖቹን በብዛት ሲያስገባ ቃሉም፣ መሣሪያውም፣ የሚሊ ሜትር ልኩም አብረው ገቡ። መፍቻን ብዙ መካኒክ «ቁልፍ» የሚለው ጣልያኑ «ኪያቬ» ስለሚለው ሳይሆን አይቀርም፤ ትርጉሙ ያው ቁልፍ ነው። (የሚገርመው ጣልያን ራሱ አፉ የሚሰፋና የሚጠበውን መፍቻ «የእንግሊዝ ቁልፍ» ብሎ ነው የሚጠራው።)

ጣልያን ሲወጣ እንግሊዝ ገባ፤ ቀጥሎ የአሜሪካ መሣሪያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያው ብድር ለኢትዮጵያ ነበር፤ ከ7 ሚሊዮን ዶላሩ 5 ሚሊዮኑ ለመንገድ። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ያደራጁት የአሜሪካ ባለሙያዎች ነበሩ። ማሽኖቻቸውም በኢንች የተለኩ ናቸው። በሚሊ ሜትር የተማረ መካኒክ ፈተናው እዚህ ላይ ጀመረ። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 13 ቁጥር ይገባል፣ ግን ይላላል። 9/16 ኢንች 14.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ 14 አይገባም፣ 15 ይዞርበታል። የድሮ እንግሊዝ ማሽን ከሆነማ ነገሩ ይብሳል። እንግሊዞቹ በመፍቻው ላይ የሚጽፉት የቡሎኑን ራስ ስፋት ሳይሆን የግንዱን ውፍረት ስለነበር፣ «1/2» የሚል የእንግሊዝ መፍቻ አፉ 23 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ያው ቁጥር፣ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው አፍ።

በደርግ ዘመን የገቡት የሶቪየት መኪኖች፣ ኋላም የጃፓኖቹ ቶዮታና አይሱዙ፣ ሚሊ ሜትርን መልሰው አነገሡት። ከዚህ ዘመን የተረፈው ትምህርት ግን አንድ ነው፦ ቡሎን የሚያበላሸው ከብረቱ ልስላሴ ይልቅ በአፉና በቡሎኑ መካከል ያለው ክፍተት ነው። የግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው የጀርመን ብረት፣ በልኩ ከተቆረጠ የቻይና ብረት ይብሳል።

የመፍቻ ስም በስም ብቻ ውድ መሆን የጀመረው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ጆንሰንና ዊልያም ሲድማን የተባሉ ሰዎች ስናፕ ኦንን መሠረቱ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ሃምሳ መፍቻ ከመሸከም አምስት እጀታ ይዞ ቡሶላውን መለዋወጥ። ቡሶላ ዛሬ በየጋራዡ ያለው በዚሁ ሐሳብ ነው። ኩባንያው ሀብታም የሆነው ግን በብረቱ ብቻ አይደለም። መሣሪያ የጫነ መኪና በየጋራዡ እየዞረ ለመካኒኩ በዱቤ ይሸጥለታል፤ መፍቻው ከተሰበረም እዚያው በሩ ላይ ይለውጥለታል። የአሜሪካ መካኒክ ለአንድ መፍቻ ያን ሁሉ ገንዘብ ሲከፍል ብረቱን፣ ዱቤውንና ዋስትናውን አንድ ላይ ነው የሚገዛው።

ያ መኪና አማን አይመጣም። ሚዛን ላይ የተሰበረ ስናፕ ኦን ያው የተሰበረ ብረት ነው፤ የዕድሜ ልክ ዋስትናው ከውቅያኖስ ማዶ ቀርቷል። ከዋጋው አንዱ ትልቅ ክፍል እዚህ ለማይደርስ አገልግሎት የተከፈለ ነው ማለት ነው። ውዱን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን አያነሡትም።

ቀሪው ክፍል ጥበቡ ነው፤ እሱም ቢሆን ዘመን እያለፈበት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ስናፕ ኦን የመፍቻውን የውስጥ ቅርጽ ለወጠ፤ ኃይሉ በቡሎኑ ሹል ማዕዘን ላይ መሆኑ ቀርቶ ከማዕዘኑ ፈቀቅ ብሎ በጎኑ ላይ እንዲያርፍ። ለዛገ ቡሎን ይህ ትልቅ ነገር ነው። የፈጠራ መብቱ ጊዜ ሲያልፍ ግን ሌሎችም ቀዱት፤ ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ባላቸው የታይዋን መፍቻዎች ላይ ይገኛል። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ለማንም አይመሰክርም። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1908 ቲ ሞዴልን በቫናዲየም ብረት ሲሠራ ቃሉ ክብር ነበረው፤ አሁን እጅ ላይ የሚጣመመውም መፍቻ ያንኑ ተቀርጾበት ይመጣል። ልዩነቱ ያለው ብረቱ ተቀጥቅጦ በመሠራቱና በእሳት በመጠንከሩ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ጽሑፍ አያሳይም።

አገር ውስጥ ለመሥራትም ተሞክሮ ነበር። የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ስሙ ራሱ የተስፋ ስም ነው። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው ሜቴክ ጠቀለለውና ስሙ የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ተባለ፤ «የእጅ መሣሪያ» የሚለው ከስሙ ወጣ። ሜቴክ ራሱ ኋላ ተበተነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ የጀርመኑም የቻይናውም መፍቻ አብረው ዘለሉ። ርካሹም ርካሽ መሆኑ ቀረ።

በበበቃና በቴፒ የመንግሥት ቡና እርሻዎች ዘመን መካኒኩ ስለዚህ ሁሉ አይጨነቅም ነበር፤ መሣሪያው የድርጅቱ ነበር። የበበቃው እርሻ ኋላ ወደ ሆራይዘን ዞሯል። ዛሬ ባጃጅና አይሱዙ የሚጠግነው ወጣት ግን በአብዛኛው ከራሱ ኪስ የሚገዛ ነው። ለሱ ሙሉ ውድ ስብስብ መግዛት አያዋጣም፤ ሙሉ ርካሽ ስብስብም እንደዚያው። በየቀኑ እጁ ላይ የማይጠፉት 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ናቸው። እነዚህን፣ በተለይ በቀለበት አፍና በስድስት ማዕዘን ቡሶላ፣ ደህና አድርጎ መግዛት የአንድ የቡና ወቅት ሥራ ያድናል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኝ፣ የዛገ ግን አፉ ያልሰፋ አሮጌ የጀርመን መፍቻ ከብዙ አዲስ ይበልጣል። በዓመት አንዴ የሚፈለገው 27 እና 32 የቻይና ቢሆን ማንም አይጎዳም። ሲገዛ ደግሞ አዲስ ቡሎን ኪስ ውስጥ ይዞ ሄዶ ሱቁ ውስጥ አጥልቆ መነቅነቅ ነው፤ ባለሱቁ ቢቆጣም።

ርካሹ ግን አንድ ቦታ ላይ ውዱን ያስንቃል። ሞተር ውስጥ እጅ የማይገባበት ጠባብ ቦታ ያለ ቡሎን ሲያጋጥም መካኒኩ አንዱን መፍቻ አግሎ ያጣምመዋል፣ በግራይንደር ያሳጥረዋል፣ ብረት በይዶ ያስረዝመዋል። ይህን በጀርመን መፍቻ ላይ ለማድረግ የሚደፍር የለም።