«ባቡር»፣ «የፈረስ ጕልበት»፣ «ጠይብ»፦ ስለ ታላላቅ የእንፋሎት መኪናዎችና ስለ ስያሜያቸው

ብዙ የሙያ ቃላት የሚወለዱት በሠሪዎች እጅ ነው፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚደርስባቸው ካደጉ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በ18ኛውና በ19ኛው ምእት ዓመት በእንግሊዝ አገር የተሠሩት ታላላቅ የእንፋሎት መኪናዎች ከሠሪዎቻቸው ያገኙትን ስያሜ፣ እንዲሁም አቻ ቃል ስንፈልግ የሚገጥመንን ችግር ነው። «መኪና» ስንል «የስፌት መኪና» በምንልበት በቀደመው ፍች ነው። ዓመተ ምሕረቱም ሌላ ካልተገለጠ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ለሥራ የበቃውን የመጀመሪያ መኪና በ1712 በደድሊ አጠገብ የተከለው ቶማስ ኒውኮመን የብረታ ብረት ነጋዴ ነበር፤ የሥራ ባልደረባው ጆን ካሊም ቧንቧ ሠሪ ነበር። መኪናው ከከሰል ጕድጓድ ውሃ ይስብ ነበር። ሲሊንደሩን የሞላው እንፋሎት ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭበት ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ውስጡ ባዶ ስለሚሆንም የውጭው አየር ክብደት ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። እንግዲህ ሥራውን የሚሠራው አየሩ ነው፤ እንፋሎቱ ቦታ ያሰናዳለታል። ይህን አሠራር ያልተረዳ ተርጓሚ «በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ» ብሎ ቢጽፍ ከቃሉ ጋር ፊዚክሱንም ያፋልሳል። ስለዚህ «የከባቢ አየር መኪና» የሚለውን እንመርጣለን።

ጄምስ ዋት በ1765 እንፋሎቱ ከሲሊንደሩ ውጭ በተለየ ዕቃ እንዲቀዘቅዝ ዐሰበ፤ በ1769ም የፈጠራ መብት አገኘ። ሆኖም ዐሳቡ በትክክል የተቦረቦረ ሲሊንደር እስኪገኝ ድረስ ዓመታት መጠበቅ ነበረበት። ይህንን ያስገኘው ብረት አቅላጩ ጆን ዊልኪንሰን ነው። በ50 ኢንች ሲሊንደር ላይ የእርሱ መቦርቦሪያ የሚያሳየው ግድፈት የአንድ አሮጌ ሺሊንግ ውፍረት እንደማይሞላ የዋት ሸሪክ ማቲው ቦልተን ጽፏል። ዋት ገዢዎቹ በፈረስ ማሠራት የለመዱ ስለ ነበሩ አንድ ፈረስ በደቂቃ 33,000 ፓውንድ ክብደት አንድ ጫማ ከፍ ያደርጋል ብሎ ወሰነ። የአማርኛው «የፈረስ ጕልበት» ይህን ምስል ሳያጐድል ተቀብሎታል።

በኮርንዎል የማዕድን ጕድጓዶች ግን ነገሩ ይከብዳል። በዚያ የነበሩት መሐንዲሶች አንድ ቡሼል ከሰል ስንት ፓውንድ ውሃ አንድ ጫማ ከፍ እንዳደረገ ይለኩ ነበር፤ ልኩንም «ዲዩቲ» አሉት። ከ1811 ጀምሮ የመኪናዎቹ ውጤት በየወሩ እየታተመ ይወጣ ስለ ነበር ሠሪዎቹ በአደባባይ ይወዳደሩ ነበር። ቃሉን ብቻ የሚያይ ተርጓሚ «ቀረጥ» ወይም «ግዴታ» ሊል ይችላል፤ እኛ «የከሰል ፍሬ» ቢባል ፍቹን ያደርሳል እንላለን። ውድድሩ ምን እንዳፈራ በኔዘርላንድስ የሚገኘው የክሩኪዩስ መኪና ያሳያል፤ ኮርንዎል የነበረው የሃርቪ ፋብሪካ የሠራው ይህ ባለ 144 ኢንች ሲሊንደር መኪና ከሁለት መሰሎቹ ጋር ከ1849 እስከ 1852 የሃርለምን ሐይቅ አደረቀ። ዛሬም በሙዚየምነት ቆሞ ይታያል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሕዝቡ ኰሚቴ ሳይጠብቅ ስያሜ እንዳወጣ እናያለን። በጣልያንኛ እንፋሎት ማለት ከሆነው «ቫፖሬ» የተገኘው «ባቡር» በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን ላስመጣው የመንገድ መኪና «የሰርኪስ ባቡር»፣ ለሐዲዱ «ምድር ባቡር»፣ ለእህል መፍጫው «ወፍጮ ባቡር» ሆኖ አገለገለ። እንፋሎቱ ከቀረ በኋላም ቃሉ አልቀረም፤ በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር በኤሌክትሪክ እየሠራ ያው «ባቡር» ነው።

በመጨረሻ ስለ ሠሪው ስም እናንሣ። እንግሊዝኛው «ኢንጂን» ከላቲኑ «ኢንጌኒየም» የመጣ ሲሆን ፍቹ ተፈጥሯዊ ብልኀት ነው። የእኛም «ጠይብ» «ጠቢብ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ብረት ቀጥቃጩ በመናቁ ግን የጥበብ ስም ወደ ስድብ ተለወጠ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. በእኛ አቈጣጠር ባለሙያን መስደብ በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጅ አንደበትን ይገታል፤ ፍችን የሚያቃናው ግን መዝገበ ቃላት ነው። ስለዚህ «ጠይብ» በሚለው ቃል ሥር ቀድሞ ሊጻፍ የሚገባው «ጥበበኛ፣ ብረት ሠሪ» የሚለው ነው፤ ስድቡ ከተጻፈም የታሪክ ቅሪት ተብሎ ይመልከት። የኒውኮመንንና የዊልኪንሰንን ሥራ እያደነቅን የእነርሱን ባልደረባ በቋንቋችን ዝቅ አድርገን መጥራት አይገባንም።