በወባ ተውሳክ ውስጥ የተገኘው የዕፅዋት ቅሪት

በጆሃንስበርግ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው ጀፕስታውን፣ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ፣ ወባ የማይዛመትበት ደጋማ ሰፈር ነው። የደቡብ አፍሪካ ወባማ አካባቢዎች ሊምፖፖ፣ ምፑማላንጋና ክዋዙሉ ናታል ናቸው። ከጀፕስታውን ተነሥቶ ወደ ሞዛምቢክ ወይም ወደ ኢትዮጵያ ቆላ የሚጓዝ ሰው ግን መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሐኪሞች ከሚያዝዟቸው መድኃኒቶች አንዱ ዶክሲሳይክሊን ነው። ይህ መድኃኒት የተሠራው ባክቴሪያን ለመዋጋት ሲሆን፣ ወባን የሚያመጣው ፕላስሞዲየም ደግሞ ባክቴሪያ አይደለም። ታዲያ ለምን ይሠራል? መልሱ ሃያ ዓመት ያህል በሌላ ስም ሲጠራ በኖረ ግኝት ውስጥ ይገኛል።

በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተመራማሪዋ አራክሲ ኪለጂያን በአእዋፍ ወባ ተውሳክ ውስጥ ክብ ዲኤንኤ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ዲኤንኤው የሕዋስ ኃይል ማመንጫ የሆነው የማይቶኮንድሪያ ንብረት ተደርጎ ተወሰደ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን እውነተኛው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሌላ፣ እጅግ አጭር ሆኖ ተገኘ፤ ክቡም ባለቤት አልባ ሆነ። በለንደን የኢያን ዊልሰን ቡድን 35,000 ያህል ፊደላት ያሉትን ይህን ዲኤንኤ አንብቦ በ1996 ይፋ ሲያደርግ፣ የቅርብ ዘመዱ የዕፅዋት ክሎሮፕላስት መሆኑ ታወቀ። በዚያው ዓመት የጄፍሪ ማክፋደን ቡድን፣ በ1997 ደግሞ የዴቪድ ሩስ ቡድን፣ ዲኤንኤው የሚገኝበትን ክፍል ለዩ። ክፍሉም አፒኮፕላስት ተባለ።

በአራት ሽፋኖች መከበቡ የታሪኩ ምስክር ነው። በጥንት ዘመን አንድ አልጌ ብርሃን አስተጻምሮ የሚያከናውን ባክቴሪያ ውጦ አኖረ፤ ቆይቶም የተውሳኩ ቅድመ አያት ያንን አልጌ ዋጠ። ብርሃን አስተጻምሮው ጠፋ፤ የባክቴሪያው ፕሮቲን መሥሪያ ግን ቀረ። ዶክሲሳይክሊን የሚያውከው ይህንኑ መሥሪያ ነው።

ጥቃቱ ግን ዘገምተኛ ነው። መድኃኒቱ ያገኘው ተውሳክ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ይራባል፤ የሚሞቱት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ዶክሲሳይክሊን ብቻውን ታማሚን አያድንም፤ ከኪኒን መሰል ፈጣን መድኃኒት ጋር ይሰጣል። ለመከላከያ የሚወስደውም ከወባማ አካባቢ ከተመለሰ በኋላ ለ4 ሳምንታት መቀጠል አለበት።

በ2011 ኤለን የህና ጆሴፍ ዴሪሲ በደም ውስጥ ያለው ተውሳክ ከአፒኮፕላስት የሚፈልገው የአይሶፕሬኖይድ ጥሬ ዕቃ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ይህን የምርት መሥመር የሚያግደው ፎስሚዶማይሲን በወባ ላይ እንደሚሠራ ከ1999 ጀምሮ ይታወቃል፤ ሆኖም ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣና በሽታው ስለሚያገረሽ ለወባ ሕክምና አልጸደቀም።

በ2023 የወጣ ጥናት፣ የአርቴሚሲኒን መድኃኒቶችን ኃይል ከሚያዳክሙ የዘረመል ለውጦች አንዱ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መታየቱን አስታውቋል። በሰው አካል ውስጥ የሌለ፣ ተውሳኩ ግን ያለ እርሱ የማይኖርበት ክፍል መታወቁ በዚህ ጊዜ ትልቅ ሀብት ነው። የጎደለው ዕውቀቱን እስከ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ የሚያደርስ የረጅም ጊዜ ምርምርና በጀት ነው።