በመርካቶ ስለሚሸጡ ያገለገሉ ላፕቶፖችና ስለ ሕጋዊ ዊንዶውሳቸው፤ አጭር የታሪክ ጥናት

ስለ መርካቶ አመሠራረት በልዩ ልዩ ጊዜ ብዙ ተጽፏል። የቀድሞው የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደ ነበረ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየው የኢጣልያ ወረራ ዘመንም ወራሪዎቹ የከተማውን ሕዝብ በዘር ለይተው ለማስፈር ባወጡት ዕቅድ መሠረት ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ስፍራ እንደ ተዛወረ የታወቀ ነው። ስለ ሸማ ተራ፥ ስለ በርበሬ ተራና ስለ ምናለሽ ተራም አንባቢዎቻችን በቂ ዕውቀት አላቸው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት የምንወደው ግን ከእነዚህ ይልቅ አዲስ የሆነውን ንግድ፥ ይኸውም ያገለገሉ ላፕቶፖችን ሽያጭና ጥገና ነው፤ ከዚህም ውስጥ አንዱን ጥያቄ ብቻ እንመርጣለን። ላፕቶፑ ሲገዛ አብሮት የተገዛው ሕጋዊ ዊንዶውስ የት ይገኛል? ሲዲው በሌለበትስ እንዴት ሊመለስ ይችላል?

በገበያው የተለመደው መልስ፥ «ሲዲው ከሌለ ሕጋዊው ዊንዶውስ የለም» የሚል ነው። ገዢውም ጠጋኙም ይህን አምነው ማሽኑን ፎርማት ያደርጉና ከሌላ ቦታ የተቀዳ ዊንዶውስ ይጭኑበታል። እኛ ግን ነገሩን በታሪክ መንገድ ስንመረምረው ይህ እምነት ከጥንቱ ዘመን የተረፈ ሆኖ አግኝተነዋል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ሕጋዊው መብት ማደሪያውን ደጋግሞ ለውጧል፤ የገበያው ልማድ ግን እስከ ዛሬ ሲዲውን ብቻ ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት ዋጋው አስቀድሞ የተከፈለበት ሀብት በባለቤቱ እጅ ላይ ሳለ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ዘመን የሲዲ ዘመን ነው። ዊንዶውስ 95 ነሐሴ 18 ቀን 1987 ዓ.ም. ለሽያጭ በወጣ ጊዜ መብቱ ይታወቅ የነበረው በሲዲውና ከሲዲው ጋር በሚሰጠው ቊጥር ነበር። ቊጥሩን የጻፈ ሰው ሁሉ ፕሮግራሙን ሊጭን ይችላል፤ ኩባንያው አንዱ ቊጥር በስንት ማሽን ላይ እንደ ገባ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ አንድ ሲዲ ያለው ጠጋኝ የሠፈሩን ኮምፒዩተር ሁሉ ሊያገለግል ይችል ነበር። የካሴት ማባዛት ልማድ ለነበረው ገበያ ይህ አሠራር እንግዳ አልሆነበትም፤ ካሴቱን የገለበጠ ዘፈኑን የገዛ እንደሚመስለው፥ ሲዲውን የገለበጠም ፕሮግራሙን የገዛ መሰለው።

ሁለተኛው ዘመን የወረቀት ዘመን ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ሲወጣ፥ ማንም ገዢ የጫነውን ፕሮግራም በኢንተርኔት ወይም በስልክ ከኩባንያው ጋር አገናኝቶ ማጽደቅ እንዲኖርበት ተደረገ። ከፋብሪካ ተጭኖ ለሚሸጠው ዊንዶውስ ደግሞ 25 ፊደላትና ቊጥሮች ያሉበት የምስክር ወረቀት በላፕቶፑ ሆድ ወይም ከባትሪው ሥር ተለጠፈ። እዚህ ላይ አንባቢ በጥብቅ እንዲያስተውል የምንፈልገው ነገር አለ። ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣው ዊንዶውስ ፈቃዱ የተሰጠው ለማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ሲሸጥም በቅሎ ከነኮርቻዋ እንደምትሸጥ መብቱ ከማሽኑ ጋር ይተላለፋል። ስለዚህ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ተሻግሮ መርካቶ የደረሰ ያገለገለ ላፕቶፕ፥ ብዙ ጊዜ ሻጩም ገዢውም ሳያውቁት፥ ሕጋዊ መብቱን ተሸክሞ ይመጣል ማለት ነው።

ሦስተኛው ዘመን የስውር ክፍል ዘመን ነው። የላፕቶፕ አምራቾች የሲዲውን ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ዊንዶውሱን ከነአስፈላጊ ፕሮግራሞቹ በራሱ በማሽኑ ሃርድ ዲስክ ውስጥ፥ ለተጠቃሚው በማይታይ ክፍል ማስቀመጥ ጀመሩ። ማሽኑ ሲበላሽ ባለቤቱ በሚከፈትበት ጊዜ አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንደ ፋብሪካ ዕለቱ ሊመልሰው ይችላል። ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በኤች ፒ ኤፍ 11፥ በኤሱስ ኤፍ 9፥ በኤሰር አልት ከኤፍ 10 ጋር፥ በቶሺባ የዜሮ ቊጥር ቁልፍ ነበር፤ በሌኖቮ ደግሞ ለዚሁ የተለየች ትንሽ መጫኛ በብዙ ሞዴሎች ላይ አለች። አምራቾቹ ባለቤቱ ላፕቶፑን እንደ ገዛ ይህን ክፍል በዲቪዲ ቀድቶ እንዲያስቀምጥ ይመክሩ ነበር። ነገር ግን ምክሩን የፈጸመ ባለቤት ቢኖር እንኳ፥ ማሽኑ ባሕር ሲሻገር ዲቪዲው በፊተኛው ባለቤት ቤት ይቀራል።

አራተኛው ዘመን ጥቅምት 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካ የሚወጣው ማሽን ቁልፍ ቊጥሩ በወረቀት መለጠፉ ቀርቶ በዋናው ቦርድ ላይ ባለው ቺፕ ውስጥ ተጻፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ፤ አንድ ጊዜ የጸደቀ ማሽን መታወቂያው በኩባንያው መዝገብ ይሰፍራል፤ ሃርድ ዲስኩ ተለውጦ እንደ ገና ቢጫን እንኳ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ መብቱ ያለ ምንም ቊጥር ይታወቅለታል። እንግዲህ መብቱ ከሲዲ ወደ ወረቀት፥ ከወረቀት ወደ ስውር ክፍል፥ ከዚያም ወደ ቺፕና ወደ ሩቅ መዝገብ እንደ ተዘዋወረ እናያለን።

ወደ መርካቶ ስንመለስ ለጠጋኞቹ ፍርዳችን ትክክለኛ ሊሆን ይገባዋል። ኢንተርኔት ዘገምተኛና ውድ በነበረባቸው ዓመታት በብዙ ጊጋባይት የሚቈጠር ፋይል ከአምራቹ ዘንድ ማውረድ ለአንድ ትንሽ ሱቅ የማይታሰብ ነገር ነበር። ደንበኛውም ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚከፍለውም ጥቂት ነው። ስለዚህ በአንድ ፍላሽ ውስጥ የተዘጋጀ፥ ለማንኛውም ማሽን የሚሆን፥ ክራክ ያለበት ዊንዶውስ ለሁሉም ወገን የተመቸ መስሎ ታየ። ከዚህም የተነሣ ሁለት ልማዶች ሥር ሰደዱ። አንደኛው፥ «ቦታ ያጣብባል» በሚል ምክንያት ስውሩን ክፍል አጥፍቶ ከዲ ድራይቭ ጋር መቀላቀል ነው። ሁለተኛው፥ ለማሽኑ የተፈቀደው የቤት ዓይነቱ ዊንዶውስ ሆኖ ሳለ «ይህ ይበልጣል» በማለት አልቲሜት ወይም ፕሮ የሚባለውን መጫን ነው። በዚህን ጊዜ በወረቀቱ ወይም በቺፑ ያለው ቊጥር ከተጫነው ዓይነት ጋር ስለማይገጥም፥ ሕጋዊው መብት ሳይጠፋ የጠፋ ይመስላል።

ይህን በሁለት ላፕቶፖች ላይ በዓይናችን አይተናል። የመጀመሪያው የአንድ የትምህርት ጓደኛችን ቶሺባ ነበር። ማሽኑ ስለ ዘገየበት ወደ አንድ ሱቅ ወስዶ ፎርማት አስደረገው፤ ዊንዶውሱ ተለውጦ ሲመለስ ለመመረቂያ ያዘጋጀው ጽሑፍ አብሮ ጠፍቶ ነበር። እኛም የዜሮውን ቁልፍ ይዘን ስንከፍተው የተመለሰልን መልስ የለም፤ ስውሩ ክፍል ከዲ ድራይቭ ጋር ተቀላቅሏል። በሆዱ የተለጠፈው የዊንዶውስ 7 ወረቀት ግን ነበር፤ ፊደሉ ከመደብዘዙ የተነሣ ግማሹ አይነበብም። ሁለተኛው ከፋብሪካ ዊንዶውስ 10 ይዞ የወጣ ያገለገለ ማሽን ሲሆን፥ እርሱም በክራክ የተጫነ ፕሮ ነበረበት። ፋይሎቹን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ከገለበጥን በኋላ፥ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በወረደው መሣሪያ 8 ጊጋባይት ፍላሽ አዘጋጅተን፥ የቤት ዓይነቱን ጫንንበት። የጠየቀን ቊጥር አልነበረም፤ ከኢንተርኔት ጋር እንደ ተገናኘም የጸደቀ መሆኑን ገለጸ። ሕጋዊው ዊንዶውስ ከማሽኑ ወጥቶ አያውቅም ነበር። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በዚህ ነገር ላይ ሲፈጸም አየነው።

ጉዳቱ የክብር ጉዳት ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር የሚከተለውን ያስብ። ክራኩ እንዲሠራ አንቲቫይረሱ እንዲዘጋ ይደረጋል፤ ክራኩ እንዳይነቃበት በመፍራትም ጠጋኙ ከኩባንያው የሚመጣውን የጥበቃ ማሻሻያ በር ይዘጋል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በዓለም ላይ ተሠራጭቶ የሰዎችን ፋይል ቈልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፥ መከላከያው ከሁለት ወር በፊት መጋቢት 5 ቀን በኩባንያው ተለቆ ነበር። የተጠቁት በሩ የተዘጋባቸውና ማሻሻያውን ቸል ያሉት ናቸው። ከዚህም ሌላ ለኛ ቋንቋ የሚሆን ጉዳይ አለ። ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ለሕዝብ ሽያጭ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ የአማርኛ መጻፊያና ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። ለመቅለል ሲባል የተከረከመ ቅጂ የጫነ ሰው እንዲህ ያለውን ክፍል ሊያጣው ይችላል፤ ከዚያም ኮምፒዩተር አማርኛ አይችልም እያለ ያማርራል።

በሕግ በኩል ያለውን ደግሞ እንመልከት። የድርሰትና የኪነ ጥበብ ሀብት ጥበቃ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ ገብቷል፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን በግልጽ የተጠበቀው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቊጥር 410 ነው። ይህ አዋጅ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የሚከለክል ብቻ አይደለም። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ቅጂው ቢጠፋበት ወይም ቢበላሽበት ለመተኪያ የሚሆን አንድ ቅጂ መያዝ እንደሚችል ይፈቅድለታል። እንግዲህ ከስውሩ ክፍል ዲቪዲ ወይም ፍላሽ ቀድቶ ማስቀመጥ አምራቹም የመከረው፥ ሕጉም የፈቀደው ሥራ ነው። በመርካቶ የጐደለው ፈቃዱ ሳይሆን ዕውቀቱ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ይሁን እንጂ አንድ መቃወሚያ አለ፤ እርሱንም አናልፈውም። ዊንዶውስ ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፥ ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፋቸው አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ የማይገኝ የጥበቃ ቺፕ ይጠይቃል። ስለዚህ፥ «ያረጀ መብት ቢመለስ ምን ይጠቅማል?» ሊባል ይችላል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ ዊንዶውስ 11ን ሊቀበል ለሚችል ማሽን፥ የጸደቀ ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ያለ ተጨማሪ ዋጋ ወደ አዲሱ መሻገሪያ ድልድይ ነው። ሁለተኛ፥ ሊቀበል ለማይችለው ማሽን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ የሚታደለው ኡቡንቱን የመሰለ የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና አለ፤ ቊጥርም ክራክም አይጠይቅም፤ በአማርኛም ይጻፍበታል። አሮጌ ማሽን የያዘ ተማሪ ሌባ ለመሆን የሚገደድበት ምክንያት የለም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍሬ ነገር አጭር ነው። ላፕቶፕ የሚገዛ ተማሪ ከመክፈሉ በፊት ማሽኑን ገልብጦ ወረቀቱን ይይ፤ ቊጥሩም ሳይደበዝዝ በደብተሩ ይጻፈው። ስውሩ ክፍል መኖሩን ይጠይቅ፤ ካለም እንዳይነካበት ለጠጋኙ ይንገረው። ፎርማት ከማስደረጉ አስቀድሞ ፋይሉን ሁሉ በሌላ ዲስክ ይገልብጥ፤ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስም ቢሆን ፋይልን ያጠፋልና። የሚጫነውም ዓይነት ለማሽኑ የተፈቀደው ያው ዓይነት ይሁን። አንዳንድ አምራቾች፥ ከእነርሱም ዴልና ሌኖቮ፥ የማሽኑን መለያ ቊጥር ለሚያቀርብ ባለቤት የፋብሪካውን ቅጂ በኢንተርኔት እንደሚሰጡም ይወቅ።

ጠጋኞቹም ቢሆኑ በዚህ የሚጐዱ አይመስለንም። በአጭር ጊዜ በመርካቶ የተከማቸው የእጅ ሙያ ትልቅ ነው፤ የተቃጠለ ቦርድ የሚያስነሣ ሰው በቺፕ ውስጥ የተጻፈ መብትን ፈልጎ ማውጣት አያቅተውም። ደንበኛው ፎርማት ብሎ የሚጠይቀውን ማስመለስ ብሎ መጠየቅ የጀመረ ዕለት፥ ገበያው እንደ ልማዱ የተጠየቀውን ያቀርባል። የጓደኛችን የመመረቂያ ጽሑፍ ግን አልተመለሰም፤ እንደ ገና ከመጀመሪያው ለመጻፍ ተገዷል።