አህያዋ ምን አጠፋች?

ሞላሌ ገበያ ገብስ ተሸክማ የምትወጣ የመንዝ አህያ ባየን ቁጥር አንድ ተረት ትዝ ይለናል። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ድርቁ በማን ኃጢአት እንደመጣ ለማወቅ ይሰበሰባሉ። አንበሳ ወይፈን መብላቱን፣ ነብር ፍየል መንጠቁን፣ ጅብ ዶሮ መስረቁን ይናዘዛሉ። «ይሄማ ምን ኃጢአት አለው!» ይባባላሉ። አህያ ግን ጌታዋ መንገድ ላይ ወሬ ሲይዝ ከዳር ሣር ቀንጠብ ማድረጓን ስትናገር «በቃ፣ ጉዱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ!» ብለው በሏት።

ልጆች ሳለን «ከተረቱ ምን ተማራችሁ?» ስንባል «የሰው ሣር አይበላም» እንል ነበር። ያረመን የለም።

ተረቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ኩርላንደርና ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ አለ። ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1678 በግጥም አውጥቶታል። እዚያ ድርቁ ወረርሽኝ ነው፤ ጥፋተኛው ግን ያው አህያ ነው። በ1909 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ የተወለዱት ክቡር ከበደ ሚካኤልም ፈረንሳይኛ ተምረው፣ በ«ታሪክና ምሳሌ» እንስሳትን በአማርኛ አናገሩልን። ስንቱ ተማሪ ቃል በቃል ሸመደደው!

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝም ልጆቿን በእንስሳት አፍ ትመክር ነበር። ምክሩ ባብዛኛው «ታዘዝ፣ አትስረቅ፣ የድመቷን ጭራ አትጎትት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ግን አና ስዌል «ብላክ ቢዩቲ»ን አሳተመች። ተራኪው ራሱ ፈረሱ ነው፤ የሚመከረው ደግሞ ልጓሙን የያዘው ሰው። የፈረስን አንገት ወደ ላይ ወጥሮ የሚያሠቃየው ጠፍር እንዲቀር ለተደረገው ቅስቀሳ መጽሐፉ ጉልበት ሆነው።

እኛን የሚያሳስበን እዚህ ላይ ነው። ምክር ለደካማው ብቻ ሲሆን፣ ልጅ የሚማረው አለማጥፋትን ሳይሆን አለመናዘዝን ነው።

ተረት እንስሳቱንም ያማል። ቀበሮ ተንኮለኛ ናት ተባልን። መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ላይ ግን ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መሃል ገብታ፣ ግልገሎቻቸውን ትታ አይጥ ታድናለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አደኗ በመንጋው መሃል 67 ከመቶ፣ ለብቻዋ ስትሆን 25 ከመቶ ይሳካላታል። ይህን መልካም ጉርብትና ማን ተረት ያድርግልን?

እስከዚያው ለታናሾቻችን የአህያዋን ተረት እንንገራቸው። ጥያቄውን ብቻ እንቀይር፦ «ዳኞቹ እነማን ነበሩ?»