የሬቲና ህዋሳት ንቅለ ተከላ

የሬቲና ህዋሳት ንቅለ ተከላ በበሽታ የሞቱ የሬቲና ህዋሳትን በቤተ ሙከራ በበቀሉ ጤናማ ህዋሳት ለመተካት የሚሞከር ሕክምና ነው። በኢትዮጵያ «የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ» ከሚባለው ይለያል። በዚያ ሕክምና ከሟች ለጋሽ የተወሰደ ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን፣ ይተካል፤ በዚህኛው ግን የሚጠገነው የዓይን የኋላ ክፍል ነው።

የሬቲና ጉዳት

ሬቲና የዓይንን የውስጥ የኋላ ግድግዳ የሚሸፍን ስስ ህብረ ህዋስ ነው። ብርሃን ተቀባይ ህዋሳቱ ብርሃንን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣሉ፤ መልእክቱም በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል። ከሥራቸው ያለው ባለ ቀለም የህዋሳት ንጣፍ ይመግባቸዋል፣ ጥራጊያቸውንም ያስወግዳል። ንጣፉ ሲጎዳ ብርሃን ተቀባዮቹ ይሞታሉ፤ የሰው ሬቲናም በራሱ ሊተካቸው አይችልም። ማኩላ የተባለው የሬቲና መካከለኛ ክፍል በዕድሜ ምክንያት ሲጎዳ ማንበብና የሰው ፊት መለየት ያስቸግራል።

በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች

በሴፕቴምበር 2014 እ.ኤ.አ. በጃፓን ኮቤ ከተማ፣ በማሳዮ ታካሃሺ የሚመራ ቡድን ከአንዲት አረጋዊት ቆዳ የተወሰዱ ህዋሳትን ወደ ስቴም ሴል መልሶ ባለ ቀለሙን ንጣፍ ሠራና በዓይኗ ውስጥ ተከለ። ከአንድ ዓመት በኋላ ንጣፉ በቦታው ነበር፤ እይታዋ ግን አልተሻሻለም፣ አልባሰምም። ለሁለተኛ ታካሚ በተዘጋጁት ህዋሳት ላይ የዘረመል ለውጥ በመገኘቱ ተከላው ቀረ።

በ2018 እ.ኤ.አ. የለንደን ተመራማሪዎች ከፅንስ ስቴም ሴል የተሠራ ንጣፍ ለሁለት ታካሚዎች መትከላቸውን አሳወቁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ታካሚዎቹ በእይታ መመርመሪያ ሰሌዳ ላይ ቀድሞ ከሚለዩት በተጨማሪ አንዱ 29፣ ሌላው 21 ፊደላት መለየት ችለዋል። የሁለት ሰዎች ውጤት ግን ሕክምናው ለሁሉም ይሠራል ለማለት አያበቃም።

ችግሮች

ከሌላ ሰው የመጡ ህዋሳትን የሰውነት መከላከያ ሊያጠቃቸው ይችላል። በደንብ ያልተለወጠ ስቴም ሴል ዕጢ እንዳይፈጥርም ያሰጋል። ብርሃን ተቀባይ ህዋሳትን መትከል ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ከቀሩት የሬቲና ነርቮች ጋር በትክክል መገናኘት አለባቸውና። የዓይን ነርቭ ራሱ በተጎዳበት እንደ ግላኮማ ባለ በሽታ፣ ባለ ቀለሙን ንጣፍ መተካት የጠፋውን እይታ አይመልስም።

ያልተረጋገጠ ሕክምና

በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ የሕክምና ዘገባ መሠረት፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ሦስት ሴቶች ከገዛ ስባቸው የተወሰደ «ስቴም ሴል» በሁለቱም ዓይኖቻቸው በአንድ ቀን ተወግተው እይታቸውን በከባድ ሁኔታ አጥተዋል። ለሕክምናው ከፍለው ነበር። በትክክለኛ የምርምር ሙከራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ለሚሞከርበት ሕክምና አይከፍልም፤ ሁለቱም ዓይኖች በአንድ ጊዜ ለአደጋ እንዳይጋለጡም በቅድሚያ አንዱ ዓይን ብቻ ይታከማል።