የመዲናው ሷዕ እና የኢራቁ ረጥል



ረመዳን ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በየቤታችን አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ዘካተል ፊጥር በነፍስ ወከፍ ስንት ኪሎ ነው?» አንዱ 2 ኪሎ ከ40 ግራም፣ ሌላው 2 ኪሎ ተኩል፣ ሌላው ደግሞ 3 ኪሎ ይለናል። ልዩነቱ ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት ወደ መዲና መለስ እንበል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካተል ፊጥርን ከተምር ወይም ከገብስ አንድ ሷዕ አድርገው እንደደነገጉ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ሷዕ እንደኛ ቁና የእህል መስፈሪያ ነው። አንድ ሷዕ 4 ሙድ ይሆናል፤ ሙድ ደግሞ መካከለኛ ሰው በሁለት እጁ የሚያፍሰው ሙሉ እፍኝ ነው። ውሃም በዚሁ ይለካ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ 5 ሙድ በሚደርስ ውሃም ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) ነግረውናል።

ኢስላም ወደ ሌሎች አገሮች ሲሰፋ ግን የመዲናው ዕቃ በእጃቸው የሌለ ሕዝቦች ሷዕን በሚዛን መግለጽ አስፈለጋቸው። የኢራቅ መመዘኛ ረጥል ይባላል፤ በዛሬው ሚዛን 400 ግራም ገደማ ነው። የኩፋ ዑለማኦች «ሷዕ 8 ረጥል ነው» ሲሉ የመዲናዎቹ «5 ረጥል ከሲሶ ነው» አሉ። ከ8ቱ ሲሶው ማለት ነው የሚቀነሰው። ጉዳዩ የሚስኪን ሐቅ ነውና ቀላል አልነበረም።

የኢማም አቡ ሐኒፋ ታላቅ ተማሪና በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የዳኞች ሁሉ አለቃ የነበሩት ቃዲ አቡ ዩሱፍ (በ182 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ798 የሞቱ) መዲና በገቡ ጊዜ ይህንኑ ጠየቁ። «ይህ ሷዓችን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሷዕ ነው» አሏቸው። ማስረጃ ሲጠይቁም «ነገ እናመጣለን» ተባሉ። በማግስቱ ከሙሃጂሮችና ከአንሷሮች ልጆች 50 ያህል ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው ሷዓቸውን በኩታቸው ሥር ይዘው መጡ። እያንዳንዱም ከአባቱና ከቤተሰቡ የወረሰው መሆኑን ተናገረ። አቡ ዩሱፍ ዕቃዎቹን ቢያስተያዩ እኩል ሆነው አገኙ። ቢመዝኑም 5 ረጥል ከሲሶ ገደማ ሆነ። ያን ጊዜ የመምህራቸውን አቋም ትተው የመዲናን ሰዎች ቃል ያዙ። ይሁንና በሐነፊ መዝሀብ ኪታቦች 8 ረጥል የሚለው እስከዛሬ ይታወቃል፤ የኪሎው ቁጥር ከሚለያይባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛውን ምክንያት ኢማም አን-ነወዊ (በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱ) ገልጸውታል። ሷዕ የሚሰፈርበት ዕቃ ነው፤ በውስጡ የሚገባው እህል ሲለያይ ክብደቱም ይለያያል። ስለዚህ መሠረቱ ስፍሩ ነው አሉ።

ይህን በቤታችን መሞከር እንችላለን። አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ውሃ ብንሞላበት የውሃው ክብደት 1 ኪሎ ነው። በዚያው ዕቃ ዘይት ብንሞላ 920 ግራም ገደማ፣ ማር ብንሞላ 1 ኪሎ ከ400 ገደማ ይመዝናል። ስንዴ 780 ግራም አካባቢ ሲሆን ዱቄት ከዚያም ይቀላል። እንግዲህ ሷዕን 2 ሊትር ከ750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ነው ብንል ውሃው 2 ኪሎ ከ750፣ ስንዴው ግን 2 ኪሎ ከ150 ገደማ ይሆናል። ሕጉ አጭር ነው፤ የአንዱን ሊትር ክብደት በሊትሩ ብዛት ማባዛት። ክብደቱን ይዘን ሊትሩን ስንፈልግ ደግሞ እናካፍላለን።

ስለዚህ እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ የሩዙን ቁጥር ለዱቄት፣ የዘይቱን ሊትር ለኪሎ አናድርገው። ነጋዴ ወንድሞቻችንም በሊትር ዕቃ የሰፈርነውን ዘይት «ኪሎ ነው» ብለን አንሽጥ፤ 80 ግራሙ የገዢው ሐቅ ነው። አላህ በሱረቱል ሙጠፊፊን ሲሰፍሩና ሲመዝኑ የሚያጎድሉትን አስጠንቅቋል። በቁጥሩ ከተጠራጠርን ለሚስኪኑ ጨመር ማድረግ ይሻላል።

ወላሁ አዕለም።