ሃዋርድ ቴሚን፦ የአር ኤን ኤ ቫይረሶችና የካንሰር ተመራማሪ

ፕሮፌሰር ሃዋርድ ማርቲን ቴሚን እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1994 የኖሩ አሜሪካዊ የሞለኪዩላር ባዮሎጂ ተመራማሪ ናቸው። የዘር መረጃቸውን በአር ኤን ኤ የሚይዙ ቫይረሶች ካንሰርን የሚያስከትሉበትን መንገድ በማጥናት ይታወቃሉ። የምርምራቸው ውጤት ዛሬ በጤና ተቋማት ለሚሰጠው የኤች አይ ቪ ሕክምናና የቫይረስ መጠን ምርመራ መሠረት ሆኗል።

ትምህርትና የመጀመሪያ ሥራ

ፕሮፌሰር ቴሚን የተወለዱት በፊላዴልፊያ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ከስዋርዝሞር ኮሌጅ ተመርቀው፣ በ1959 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀዋል። በዚያም በሬናቶ ዱልቤኮ ቤተ ሙከራ ውስጥ በዶሮ ላይ ዕጢ በሚያስከትለው የራውስ ሳርኮማ ቫይረስ ላይ ምርምር ጀመሩ። ከሃሪ ሩቢን ጋር በመሆንም በዚህ ቫይረስ ምክንያት ወደ ካንሰርነት የተለወጡ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ ለመቁጠር የሚያስችል ዘዴ አዘጋጁ።

ተቀባይነት ያጣው መላ ምት

እ.ኤ.አ. በ1960 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የማካርድል የካንሰር ምርምር ቤተ ሙከራ ተዛወሩ። በዚያ ዘመን የዘር መረጃ ከዲ ኤን ኤ ወደ አር ኤን ኤ እንጂ በተቃራኒው አይሄድም ተብሎ ይታመን ነበር። ፕሮፌሰር ቴሚን ግን ከዲ ኤን ኤ አር ኤን ኤ እንዳይሠራ የሚያግድ መድኃኒት የራውስ ሳርኮማ ቫይረስንም መራባት እንደሚገታ አስተዋሉ። ከዚህም በመነሣት ቫይረሱ አር ኤን ኤውን ወደ ዲ ኤን ኤ ገልብጦ በሕዋሱ የዘር መረጃ ውስጥ ይቀመጣል የሚል መላ ምት በ1964 አቀረቡ። ማስረጃው ቀጥተኛ ስላልነበረ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሐሳቡን ለዓመታት አልተቀበሉትም።

እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሮፌሰር ቴሚንና ሳቶሺ ሚዙታኒ ይህን ግልበጣ የሚያከናውነውን ኢንዛይም በቫይረሱ ውስጥ አገኙ። ዴቪድ ባልቲሞርም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተናጠል ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰው ነበር። ኢንዛይሙ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ተባለ። ቴሚን፣ ባልቲሞርና ዱልቤኮ በ1975 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

ግኝቱ ለተገልጋዮች ያለው ጥቅም

ኤች አይ ቪ ይህንኑ ኢንዛይም የሚጠቀም ቫይረስ ነው። በሕክምናው ውስጥ የሚታዘዙት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የተባሉት መድኃኒቶች የኢንዛይሙን ሥራ በማገድ ቫይረሱ እንዳይራባ ያደርጋሉ። በተለምዶ ቫይራል ሎድ በሚባለው ምርመራም በደም ናሙና ውስጥ ያለው የቫይረሱ አር ኤን ኤ በቤተ ሙከራ ወደ ዲ ኤን ኤ ተገልብጦና ተባዝቶ መጠኑ ይለካል።

ተገልጋዮች በተለይ ሊገነዘቡት የሚገባ ጉዳይ አለ። የምርመራ ውጤቱ «ቫይረሱ አይታይም» ሲል በደም ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ቫይረሱ ከሰውነት ጨርሶ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ፕሮፌሰር ቴሚን እንዳመለከቱት ዓይነት፣ የቫይረሱ የዲ ኤን ኤ ቅጂ በሕዋሳት የዘር መረጃ ውስጥ ተሰውሮ ይቆያል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥም ቫይረሱ ከዚያ ተነሥቶ እንደገና ይራባል። ስለሆነም መልካም ውጤት መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረስ መጠኑ በምርመራ የማይታይ ሰው ጤንነቱን ይጠብቃል፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም።

ትንባሆና ካንሰር

ፕሮፌሰር ቴሚን ከቤተ ሙከራ ውጭ የትንባሆን ጉዳት በግልጽ ይናገሩ ነበር፤ በኖቤል ሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ወቅትም ማጨስ እንዲቆም አሳስበዋል። እርሳቸው የማያጨሱ ሰው ቢሆኑም በሳንባ ካንሰር ታመው እ.ኤ.አ. የካቲት 1994 በ59 ዓመታቸው ዐረፉ። የማያጨስ ሰው በዚህ በሽታ ሊያዝ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ይሁንና ለሳንባ ካንሰር ዋነኛው መንሥኤ ትንባሆ ማጨስ ነው።

በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታዎች የውስጥ ክፍሎች ትንባሆ ማጨስን ይከለክላል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ የታየበት ማንኛውም ሰው፣ ያጨስም አያጨስም፣ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የጤና ተቋም ሄዶ መመርመር ይኖርበታል።